በየታኅሣሡ የሚያረጅ ፊት

ጥቅምት 6

ይድረስ ለጭምቱ ወንድሜ፤

ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ደህና ነው። አንተም ደህና መሆንህን ከእጅ ጽሕፈትህ አይቼዋለሁና ሰላምታውን በዚሁ እንዝጋው። ስልክ ልደውል ያልከውን ተወው። ስልክ ላይ ስትዋሽ ድምፅህ አይለወጥም፤ ወረቀት ላይ ግን እጅህ ያሳብቅብሃል። ፊደል ያስቆጠርኩህ እኔ ነኝ፣ አውቅሃለሁ።

አለቃህ «እህትህ ይህን ሥዕል ለምንድን ነው በየዓመቱ ደግማ የምትቀባው?» ብላ ጠየቀችህ፤ አንተም «እሷኑ ልጠይቃት» አልክ። ታውቀው የለም እንዴ፣ ምን አፍህን ያዘህ? እሺ፣ እንዲህ በላት። ልጄ ጉንጮ ሥራ ፍለጋ ብሎ ከቤት ሲወጣ ሃያ ዓመቱ ነበር። ለትንሽ ጊዜ ጻፈልኝ፣ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ፎቶግራፍ የለኝም፤ የነበረችኝን አንዷን ለፖሊስ ሰጥቼ በዚያው ቀረች። መልኩ ከዓይኔ እንዳይጠፋ የቁም ሳጥናችንን በር ነቀልኩና የአልጋ ቀለም ቀባሁበት። የአልጋ ቀለም የምለው ሌላ ስለሌለኝ ነው። የብረት አልጋ ስቀባ ውዬ ከጣሳው ሥር የሚተርፈኝ ክሬም፣ ቡኒ፣ ሰማያዊና አልፎ አልፎ አረንጓዴ ነው። ሥዕል ማንም አላስተማረኝም፤ አፍንጫውን ያገኘሁት ደጋግሜ ፍቄ ነው።

በዓመቱ፣ በተወለደበት በታኅሣሥ፣ ቀና ብዬ ሳየው የዓምናው ልጄ ሆነብኝ። ስለዚህ አንድ ዓመት ጨመርኩለት። ከዚያ ወዲህ በየታኅሣሡ እጨምርለታለሁ። ጢም አበቀልኩለት፣ ጉንጩን አጎደልኩለት፣ ካቻምና ደግሞ ግንባሩን ገለጥ አደረግኩለት፤ አባቱም በዚያው ዕድሜ ነው መመለጥ የጀመረው። አንድ ቀን በር አንኳኩቶ ቢገባ «ማን ነህ?» እንዳልለው ነው። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው።

ሙዚየማችሁ ለኤግዚቢሽን ብሎ ወሰደው፣ እሺ አልኩ። አሁን ደግሞ ለዘለቄታው ላስቀረው፣ ላይኛው ፎቅ ላይ ልስቀለው ይላል። ለዚያም «ሥራው አልቋል» ብለሽ ፈርሚ ትሉኛላችሁ። ያላለቀውን አልቋል ብዬ እንዴት ልፈርም? ልጄ በሕይወት እስካለ ድረስ ያድጋል፤ እያደገ ያለ ሰው አያልቅም። ወይ ከታኅሣሥ በፊት በሩን መልሱልኝ፣ ወይ በየዓመቱ ብሩሼን ይዤ እንድገባ ፍቀዱልኝ። ሁለቱንም እምቢ ካሉ ከግድግዳው አንተ ታወርደዋለህ። ለዚህ ካልሆነ የሙዚየም ዘበኛ ወንድም ምን ያደርግልኛል?

እህትህ

ጥቅምት 20

እትዬ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ይቅር በይኝ፣ የዘገየሁት የኮሚቴውን ስብሰባ ስጠብቅ ነው።

አውርደው ስላልሽው ነገር፦ እኔ እዚያ አዳራሽ የተቀመጥኩት ማንም ሥዕል እንዳይነካ ነው። ወንበሬ ካንቺ በር ፊት ለፊት ነው፤ ሰው እጁን ሲዘረጋ «አይነካም» እላለሁ። ቀኑን ሙሉ የምናገረው እሷኑ ነው። ታዲያ እኔው ልንካው?

ከዚህ ቀደም ሥዕሌ ከማን ጋር ነው የተሰቀለው ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ምድር ቤት ያሉት ሁሉ ያለ አስተማሪ የሳሉ ሰዎች ሥራዎች ናቸው፤ ከየአገሩ የመጡ። አንዱ ፖስተኛ ነበር። አንዷ የሰው ቤት ሠራተኛ ነበረች። አንዱ ደግሞ ዕድሜውን ሆስፒታል ተዘግቶበት አንሶላ ላይ ሲስል የኖረ ነው። ላይኛው ፎቅ የተማሩት አሉ፣ ስማቸው በመጽሐፍ የሚወጣው። አለቃዬ የምትታገለው ይህን ላይና ታች ለማፍረስ ነው። «ላይ ያሉት ታች ካሉት ሲቀዱ ኖረዋል፤ ቀጂው ሳሎን ተቀምጦ የተቀዳበት ለምን ምድር ቤት ይቀራል?» ትላለች። መጀመሪያ የሚወጣው ያንቺ በር እንዲሆን ትፈልጋለች። ኮሚቴው ውስጥ ግን አንድ ሽማግሌ አሉ፤ «በየዓመቱ የሚቀባ ነገር ልማድ እንጂ ሥራ አይባልም» ብለው ድርቅ አሉ። ፊርማው የመጣው በእሳቸው ምክንያት ነው።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ እንዳትቆጪ። ሥዕሉን ራጅ አነሱት። ከላይኛው ቀለም ሥር አራት ፊት ጥርት ብሎ ወጣ፤ የቀሩት ተደበላልቀዋል። አራቱን በትልቁ አሳትመው ከበሩ ጎን በዕድሜ ቅደም ተከተል ሰቀሏቸው። ጉንጮን በሃያ ዓመቱ፣ ከነዚያ ጉንጮቹ ሳየው ዘበኛነቴን ረስቼ አለቀስኩ።

አለቃዬ ራስሽ መጥተሽ ለኮሚቴው እንድትናገሪ ትለምንሻለች። ስብሰባው በታኅሣሥ መጨረሻ ነው፤ ትኬቱን ሙዚየሙ ይልካል። ምናልባት ፊት ለፊት ካስረዳሽ ብሩሹንም ይፈቅዱ ይሆናል። ነይ እትዬ፣ በጣም ናፍቀሽኛል።

ታናሽሽ

ጥቅምት 29

ጭምቱ፤

እንዳትቆጪ አልከኝ፤ ተቆጥቻለሁ። ጤነኛ ሰው ራጅ ያነሳሉ? የሸፈንኩትን የሸፈንኩት ደግሜ ላየው አቅም ስላልነበረኝ ነው። እናንተ ገልጣችሁ ለአላፊ አግዳሚ ሰቀላችሁት። ለአለቃህ ይህን ሳትቀንስ ንገራት፤ «እህቴ ትንሽ ቅር ብሏታል» ብለህ እንዳታለሳልስልኝ።

ሽማግሌው ግን እውነታቸውን ነው። ልማድ ነው። ስመጣ እጃቸውን እጨብጣለሁ። ከደብዳቤህ ጋር የላክልኝን የሥዕሉን መግለጫ ፎርማናችን ጮክ ብሎ ሲያነበው ደግሞ ወርክሾፑ በሳቅ ፈረሰ። «ምስጢራዊ የቀለም ምርጫ» ይላል። ምስጢሩ መጋዘናችን ነው። አረንጓዴው እንኳ የሆስፒታል ትዕዛዝ ሲኖር ብቻ የሚመጣ ነው። ሆኖም አንድ ቦታ ላይ አለቃህ «ይህች ሠዓሊ ዓይኑን ነክታው አታውቅም፤ ሁሉም ያረጃል፣ ዓይኑ ግን ያው ነው» ብላ ጽፋለች። ይህን እኔ ራሴ አላወቅኩትም ነበር። አንብቤ ቁጭ አልኩ። ይቺ ሴትዮ ታያለች ማለት ነው።

እመጣለሁ። ፎርማኑ ፈቅዶልኛል፤ «ስትመለሺ ላይኛው ፎቅ ነው የምትቀቢው ወይስ እኛው ጋ?» እያለ ይቀልድብኛል። ብሩሾቼን በጋዝ አጥቤ በጨርቅ ጠቅልያቸዋለሁ፤ ክሬሙንና ቡኒውንም በትንንሽ ጠርሙስ ቀድቻለሁ። ዘንድሮ የምጨምርለት ከጆሮው በላይ ሽበት ነው። አርባ አንድ ሊሆነው እኮ ነው! ሽበታም ልጅ ያላት እናት ሆንኩ፤ ይገርመኛል፣ ደስም ይለኛል። እዚያ ስደርስ ታዲያ «አይነካም» እንዳትለኝ።

እህትህ

ኅዳር 12

ለምወድሽና ለማከብርሽ፣ እናትም እህትም ለሆንሽኝ እትዬ፤

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰንብተሻል? ጤናሽስ? ጉልበትሽስ? እንቅልፍሽስ? የቀለሙ ሽታ አሁንም ያስልሻል? ፎርማናችሁ ደህና ናቸው? ጎረቤትሽ ልብስ ሰፊዋስ? ልጆቿስ? ጣሪያው ማፍሰሱን አቆመ? ክረምት ላይ የተሰነጠቀው የመስኮት መስታወት ተቀየረ? እኔ ደህና ነኝ። እጅግ በጣም ደህና ነኝ።

መምጣትሽን እንደገና ሳስበው አሁን ጊዜው አይደለም። እዚህ ብርዱ ጠንቷል፣ ጉልበትሽ አይችለውም። መንገዱም ረጅም ነው፤ ሰው ሲቸገር እየሰማን ነው። ስብሰባውም ሊዘገይ ይችላል ይባላል፤ ጨርሶ ሊቀርም ይችላል። ትኬቱ ቢደርስሽ እንኳ መልሺው። በደጉ ጊዜ፣ በበጋው መጨረሻ ብትመጪ አብረን እንዝናናለን።

ራጆቹን እንዲያወርዷቸው አለቃዬን ለምኛት ነበር፤ «ለምን?» ስትለኝ ወሬ ለውጬ ወደ ወንበሬ ተመለስኩ። ምን ሆነሃል ብለሽ እንዳትጠይቂኝ፤ ምንም አልሆንኩም።

ታናሽሽ

ኅዳር 20

ጭምቱ፤

ሰላምታህን አንብቤ ስጨርስ ላብ አጠመቀኝ። አንተ ደህና ስትሆን ሁለት መስመር፣ የደበቅከው ነገር ሲኖር ግማሽ ገጽ ሰላምታ የምትጽፍ ሰው ነህ። አባታችን ባረፉ ጊዜ የጻፍክልኝ ትዝ ይለኛል፤ የጎረቤቱን ውሻ ደህንነት ሳይቀር ጠይቀህ ነበር።

እስቲ ምክንያቶችህን እንያቸው። ብርድ አልክ። መንገድ አልክ። ስብሰባው ይቀራል አልክ። አንድ እውነተኛ ምክንያት ያለው ሰው ሦስት አይደረድርም። ደግሞ ባልጠፋ ቀን ያንተ ደብዳቤና የአለቃህ ትኬት ባንድ ጠዋት ደረሱኝ። «ስብሰባው በቀኑ ነው፣ ወንበር ይዘንልዎታል» ትላለች። ማናችሁን ልመን? ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ ያንተ ገና ከፖስታ ቤት ሳይወጣ ቀለለ።

ከሥራ አባረሩህ? ታመሃል? በሩን አንድ ነገር አድርጋችሁት ነው? ተሰረቀ? ተቃጠለ? በሩ ከሆነ ንገረኝ፤ ሌላ በር አለኝ፤ ቁም ሳጥኑ ሁለት በር ነው ያለው። ዛሬ አንድ አልጋ እግሩን ሁለቴ ቀብቼ ራስጌውን ረሳሁት። ፎርማኑ «ምነው?» እያለ ራሱ ቀባልኝ። እንዲህ ልቤን አንጠልጥለህ አታኑረኝ። ትኬቱን አልመልስም፣ እመጣለሁ።

እህትህ

ኅዳር 28

እትዬ፤

ዋሽቼሻለሁ። ስብሰባው አልቀረም። አልታመምኩም፣ ከሥራም አልወጣሁም፣ በሩም ደህና ነው።

አንድ ሰው አለ። ግንበኛ ነው፤ የሙዚየሙን የፊት ደረጃ ለመጠገን ተቀጥሮ ነው የመጣው። አንድ ቀን ዝናብ ሲያባርረው ወደ ምድር ቤቱ ገባ። ጫማውን በር ላይ አራግፎ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ሲያይ ቆየና ራጆቹ ጋ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ወዲህ የምሳ ሰዓቱን እዚያው ቆሞ ነው የሚያሳልፈው። አለቃዬ አይታው «ሰው ሥዕል ሲወድ እንዲህ ነው» ብላ ደስ አላት። እኔ አነጋግሬዋለሁ። ያለኝን ልጽፍልሽ ስል ግን እጄ እምቢ አለኝ። እባክሽ እትዬ፣ አትጠይቂኝ። ከመጣሽ ደግሞ ታገኚዋለሽ፤ ደረጃው በታኅሣሥ አያልቅም።

ስለዚህ አንድ ነገር አሰብኩ። ቀለሙን በሰው ላኪልኝ፣ ሽበቱን እኔ ልጨምርለት። ጠዋት አዳራሹን የምከፍተው እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው ሳይገባ እጨርሰዋለሁ። ቢይዙኝ ሥራዬን አጣለሁ፣ ይሁን። ከጆሮው በላይ ምን ያህሉ እንደሚነጣ ብቻ ንገሪኝ። አንቺ ቤትሽ ሁኚ፤ እሱም እያረጀ ይኑር።

ታናሽሽ

ታኅሣሥ 5

ወንድሜ፤

«አይነካም» ሲል የኖረ ሰው «ልንካው» አለኝ። አንተ አለቃህ ስታስል ከወንበር የምትነሳ ሰው ነህ። አንተን እንዲህ ያስደፈረህ ነገር ትንሽ ነገር አይደለም። ፈርቻለሁ። ይህን ስጽፍ እጄ ቀለም እንደያዘ ነው፤ ወረቀቱ ከቆሸሸ ይቅር በለኝ።

ቀለም አልልክልህም። ሰውዬው ያለህንም አልጠይቅህም፣ አትጠይቂኝ ብለሃላ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው፤ እኔም አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ይህን ብቻ መልስልኝ፤ ሌላ ነገር እንድትጽፍ አላስገድድህም።

ራጆቹ አራት ናቸው፣ በዕድሜ ነው የተሰቀሉት ብለኸኛል። ሰውዬው ከአራቱ ፊቶች የትኛው ፊት ለፊት ነው የሚቆመው?

የመጀመሪያው ጋ ከሆነ ልጄን ከቤት ሲወጣ አይቶት ይሆናል፤ ያኔ ብዙ ሰው አይቶታል። የመጨረሻው ጋ ከሆነ በቅርብ ዓመታት አግኝቶታል ማለት ነው፤ እንዲያ ከሆነ እየዘፈንኩ ነው የምመጣው። መሃል ላይ ከሆነ፣ መሃል ላይ እንደሆነ ጻፍልኝ። ሰላምታ አታስገባበት።

እህትህ

ታኅሣሥ 12

እትዬ፤

ሁለተኛው ጋ ነው።

ጢሙ ገና ያቀመቀመው፣ የሃያ ሦስት ዓመቱ። ሦስተኛውንና አራተኛውንም ያውቃቸው እንደሆነ ጠየቅሁት። ቀረብ ብሎ ደህና አድርጎ አያቸውና «እነዚህን አላውቃቸውም። እሱ እስከዚህ ድረስ ነበር» ብሎ ጣቱን ሁለተኛው ላይ አሳረፈ። አይነካም ማለት ነበረብኝ፤ ቃሉ ጠፋኝ።

አብረው ሕንጻ ሲሠሩ ነበር፤ እዚህ ከተማ፣ ከሙዚየሙ ብዙም የማይርቅ ቦታ። እኔ ያኔ እዚህ አልነበርኩም። ትኩሳት ያዘው፤ ቀላል መስሏቸው ሁለት ቀን ጠበቁ። ሲብስበት ግንበኛው አዝሎት ወደ ሐኪም ቤት ሮጠ። «ጀርባዬ ላይ እያለ ነው ያረፈው፤ ስደርስ ነው ያወቅሁት» አለኝ። የቤቱን አድራሻ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ስሙንም በቅጽል እንጂ አያውቁትም። ሠራተኞቹ አዋጥተው ቀበሩት። መቃብሩን ያውቀዋል።

ሌላ ሰው ቢሆንስ ብዬ ሙጥኝ ብዬ ነበር። ግን «እናቱ አልጋ ቀቢ ናት፤ ‹እሷ የቀባችው አልጋ ላይ የተኛ አይታመምም› እያለ ያስቀን ነበር» ሲለኝ ተስፋዬ ተቆረጠ። ምን ላይ ተኝቶ እንደታመመ አልጠየቅሁትም፤ አንቺም እንዳትጠይቂው።

አንድ የማታውቂው ነገር ደግሞ አለ። እዚያ የሚጠሩት «ሠዓሊው» እያሉ ነበር። ልስኑ ሳይደርቅ ግድግዳው ላይ በሚስማር የሰው ፊት ይጭር ነበር አሉ። ማንም አላሳየውም፤ ዝም ብሎ ይጭራል። ከሁሉ የሚበዛው የአንዲት ሴት ፊት ነው። ማን ናት ሲሉት «እናቴ ናት» ይላቸዋል። አሠሪው እንዳይቆጣ መልሰው ያስተካክሉታል፤ አንዱን ግን አሳዝኗቸው ሳያጠፉት ቀለም ቀቡበት። ሕንጻው አሁንም አለ።

አለቃዬ ገና አልሰማችም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ልነግርሽ ነበር፤ በየታኅሣሡ ስትቀቢው እያየሁ ስላደግኩ ነው ያልቻልኩት። ይህን ከነገርኩሽ በኋላ ምን ይዘሽ ትኖሪያለሽ ብዬ ፈራሁ። አሁንም እንደፈራሁ ነኝ።

ታናሽሽ

ታኅሣሥ 19

ጭምቱ ወንድሜ፤

ደብዳቤህን ቤት ወስጄ ማንበብ አልቻልኩም፤ ሥራ ቦታ ከፈትኩት። የመጀመሪያውን መስመር አንብቤ ጮህኩ። ፎርማኑ ሥራ አስቆመ፣ ሴቶቹ ደግፈው ቤቴ አደረሱኝ። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እኔ ግን በየዓመቱ ቀለም እየደራረብኩበት እንዳይደርስ ያገድኩት ይመስለኝ ነበር። አለቀስኩ። እርሜን አወጣሁ። ዛሬ ወረቀት መያዝ ችያለሁ።

ባንተም ተናድጄ ነበር። ምን ይዘሽ ትኖሪያለሽ አልከኝ፤ እውነቱን ይዤ እኖራለሁ፣ ሌላ ምን እይዛለሁ? ኋላ ግን ያንን ሁሉ ሳምንት ከሥዕሉ ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀምጠህ ብቻህን እንደቻልከው ሳስብ አንጀቴን በላኸው። ይቅር ብዬሃለሁ።

ለአለቃህ አንተው ንገራት፤ እፈርማለሁ በላት። ዘንድሮ አልቀባም፣ ከእንግዲህም አልቀባም። አንድ ብልህ ተነስቶ «ከሁለተኛው ፊት በላይ ያለው ልክ ስላልሆነ ይፋቅ» ቢል ግን ያቺን ቃልህን ጮክ ብለህ ተናገርበት። እነዚያን ፊቶች ስቀባ ሰው አላታለልኩም፤ ልጄን ስጠብቅ ነበር። ያ ሰውዬ፣ ግንባሩ የተገለጠው፣ እሱም እኔ ያሳደግኩት ልጄ ነው። ላይ ቢሰቅሉትም ታች ቢሰቅሉትም ለእኔ አንድ ነው። አለቃህን ደስ ካላት ግን ላይ ታውጣው።

ግንበኛውን እንዳትለቀው። ደረጃውን ከጨረሰም እኔ ሳልደርስ እንዳይሄድ ለምንልኝ። ልጄን ያዘለውን ጀርባ አቅፌ መሳም አለብኝ። መቃብሩ ጋ ይወስደኛል። ከዚያ ወደ ሕንጻው ይውሰደኝ። ሰው ይኖርበት ይሆናል፤ አንኳኩቼ «ይቅርታ፣ ልጄ ግድግዳችሁ ላይ ሥዕል አለው» እላለሁ፤ ካሻቸው እብድ ይበሉኝ። አላስፍቅባቸውም፣ ራጅም ይምጣ አልልም። ቦታው የት ጋ እንደሆነ ግንበኛው ብቻ ያሳየኝና ትንሽ ልቁምበት። እንዴት አድርጎ እንደሳለኝ አላውቅም። ያኔ ጸጉሬ ጥቁር ነበር፣ ጥርሶቼም ሙሉ ነበሩ። ልጄ የሚያውቃት እናቱ እሷ ናት፤ ከዚያ ወዲህ ያለሁትን እኔን አያውቀኝም።

ማክሰኞ ጠዋት እደርሳለሁ። ጣቢያው ላይ ጠብቀኝ።

እህትህ